ስለ ኤሌክትሪክ ስንቅ፤ በሸነንዶዋ ተራራ ያደርናቸው ሦስት ሌሊቶች

አባቶቻችን መንገድ ሲነሡ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ስንቅ ነበረ። በሶው፥ ቆሎው፥ ቋንጣው፥ የበቅሎው ገብስ፥ የሌሊቱ ጧፍ ሁሉ በቀን ተቈጥሮ ይጫናል፤ ስንቁ የጐደለበት መንገደኛ ድንኳኑ የቱንም ያህል ቢያምር ጉዞው አይጥመውም። በዛሬው ጊዜ ቤታቸውን በመንኰራኵር ላይ አድርገው በየሜዳው የሚያድሩ ሰዎች ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ሌላ ስንቅ ጨምረዋል፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ስንቅ እንደ በሶ በአቁማዳ አይታይም፥ በእጅም አንሥተው አይመዝኑትም፤ ስለዚህ ላላወቀበት ሰው ማለቁ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። እኛም ይህን የተማርነው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ እናታችንን ይዘን ወደ ሸነንዶዋ ተራራ በወጣን ጊዜ ነው።

እኅታችን በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እናታችን ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ ሲሆን፥ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት እኛን አስከትለው ባሕር ተሻገሩ። በፎቅ ቤት ውስጥ መዋል ቢሰለቻቸው "እስቲ ተራራ አሳዩኝ" ስላሉ፥ እኅታችንና ባለቤቷ ካምፐር የሚባለውን ተሽከርካሪ ቤት ለአራት ቀን ተከራዩ፤ የአማቻችንም አውቶሞቢል ከኋላ እንድትከተል ሆነ። ካምፐሩ አልጋው፥ ማድ ቤቱ፥ መታጠቢያው፥ በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣው ሳይቀር በአንድ ጣራ ሥር የተሰናዳ ነው። እማማ ገብተው ዙሪያውን ከተመለከቱ በኋላ "ይህስ ድንኳን አይደለም፤ እልፍኝ ነው" አሉ።

ከጓዛችን ሁሉ የምትበልጠው ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። እማማ ሲተኙ ጕሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው በሌሊት ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ ሐኪም አየር እየገፋች በጭንብል በኩል ወደ አፍንጫቸው የምትልክ ሲፓፕ የምትባል መሣሪያ አዞላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ እርሷ አይተኙም። መሣሪያይቱ የምትሠራው በኤሌክትሪክ ነው። በእኅታችን ቤት በግድግዳው ሶኬት ሰክተናት ስለምናድር፥ ምን ያህል ኃይል እንደምትወስድ አንድ ቀን እንኳ አስበን አናውቅም ነበረ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው በተራራው ግርጌ፥ ሉሬይ በምትባለው ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፥ ለካምፐር ማሳደሪያ በተዘጋጀ መስክ ላይ ነው። መስኩ እንደ ከተማ ቦታ ተሸንሽኖ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በየቁጥሩም አጠገብ አጭር የብረት ምሰሶ ቆሟል። የምሰሶው ክዳን ሲከፈት ሦስት ዓይነት ሶኬት ይታያል፤ አንዱ 20፥ ሁለተኛው 30፥ ሦስተኛው 50 አምፔር የሚሰጥ ነው። አምፔሩን በቮልት ያባዙት እንደ ሆነ ዋት ይወጣል። ያሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነውና ባለ 30 አምፔሩ ሶኬት ቢበዛ 3,600 ዋት ይሰጣል ማለት ነው፤ ባለ 50ው በሁለት መስመር ስለሚመጣ እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። የእኛ ካምፐር ባለ 30 ነበረ። አማቻችን በምሰሶው ላይ ያለውን ማጥፊያ አስቀድሞ አጥፍቶ፥ ወፍራሙን ገመድ ሰክቶ፥ በኋላ አበራው፤ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ መሰካት የእሳት ብልጭታ ያስነሣልና።

3,600 ዋት ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የጣራው አየር ማቀዝቀዣ ብቻውን ወደ 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ምግብ ማሞቂያው ደግሞ ከ1,000 ይበልጣል። ከዚህም በቀር በካምፐሩ ጐን በውጭ በኩል፥ ከሸራው ዳስ በታች፥ ክዳን ያለው አንድ ሶኬት አለ፤ እርሱ የተሠራበት መስመር ባለ 15 አምፔር ብቻ ስለሆነ ከ1,800 ዋት በላይ አያሳልፍም። ምሰሶው የቱንም ያህል ባለጠጋ ቢሆን በሩ ይህን ያህል ጠባብ ነው።

እማማ ቡና በቤት ውስጥ ሳይሆን በሜዳው ላይ ካልተፈላ ተራራ ማየቱ ምን ይጠቅማል ስላሉ፥ ከሸራው ዳስ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፥ ረከቦቱም ተዘረጋ። ከአዲስ አበባ በሻንጣቸው ይዘዋት የመጡ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረቻቸው፤ በሶኬት መለወጫ አድርገን ሰካናት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ቡናው አልተቈላም፥ ደረቀ እንጂ። ነገሩ እንዲህ ነው። ያገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ያሜሪካው ግን 120። ቮልቱ ወደ እኩሌታ ሲወርድ የምድጃው ሙቀት እኩሌታ አይሆንም፤ ከሢሶም ያንሳል። መለወጫ የምንለውም የእግሩን ቅርጽ ነው እንጂ ኃይሉን አይለውጥም። ዘመድ ካሜሪካ የላከው የ120 ቮልት ምድጃ ወይም የጠጕር ማድረቂያ በአዲስ አበባ ሶኬት ሲሰካ ጢሱ ወዲያው የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይልቁንም ከመሰካት በፊት በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይሻላል። እማማ ግን ምድጃዋን እያገላበጡ "ባሕር ስትሻገር ጕልበቷን ጥላ መጣች" ብለው ሳቁ።

ከዚህ በኋላ እኅታችን የራሷን ባለ 1,000 ዋት ምድጃ አወጣች፤ ልጆቹ ደግሞ ሻይ አማረን ብለው ባለ 1,500 ዋቱን ማንቈርቈሪያ በዚያው ገመድ ላይ ሰኩት። 2,500 ዋት በ1,800 በር ለመግባት ቢታገል መስመሩ ራሱን ዘጋ፥ መብራቱም ጠፋ። ይህስ ባልከፋ፤ መሣሪያው የተሠራው ለዚህ ነው። የሚያስፈራው እኅታችን ገመዱን ስትነካው መፋጀቱ ነበረ። ያ ገመድ ለሳሎን ፋኖስ የሚሆን ቀጭን ቡናማ ገመድ ሲሆን፥ የተረፈውን ርዝመት ለመልክ ብለን ጠቅልለን ከምንጣፉ በታች ሸሽገነው ነበረ። የተጠቀለለና የተሸፈነ ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ምንጣፉ ይያያዝ ነበረ። በዚያ አገር የገመድ ውፍረት በቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል። ባለ 16 ቁጥሩ ቀጭን ነው፤ ለምድጃ የሚሆነው 12 ቁጥር የሆነው፥ በላዩም ለውጭ አገልግሎት ተብሎ የተጻፈበት ነው። እኅታችን ያንኑ ማታ ከከተማ ገዝታ መጣች፤ ርዝመቱን ሁሉ ተርትረን ዘረጋነው፤ ሰው በማይረግጥበትም በኩል አሳለፍነው።

ስለዚያ የውጭ ሶኬት አንድ ነገር እንጨምር። በላዩ ሁለት ትንንሽ ቍልፎች አሉበት፤ ኃይሉ ከመስመሩ ወጥቶ በእርጥበት ወይም በሰው ሰውነት በኩል ወደ መሬት ማፈትለክ ሲጀምር፥ ከአንድ አምፔር 5 ሺኛ እጅ ገደማ ሲሆን ራሱን ይዘጋል። በማለዳው ጤዛ ወድቆ የገመዱ መጋጠሚያ በሣር ላይ ርሶ ስላደረ ሶኬቱ ተዘግቶ አገኘነው። አማቻችን በቍልፉ ደጋግሞ ሊያስነሣው ቢል እኅታችን ከለከለችው፤ መጋጠሚያውን አድርቀን ከመሬት ከፍ አድርገን በወንበር ላይ ካሰርነው በኋላ አንድ ጊዜ ብንነካው ሠራ። እንቢ ያለው ለእኛው ብሎ ነበረ።

በማግሥቱ ወደ ተራራው ወጣን። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በብሉ ሪጅ ተራራ ጫፍ ጫፉን 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት የተከለከለ ስለሆነ ማንም ሳይቸኵል ግራ ቀኙን ሸለቆ እያየ ይጓዛል። ከዚህ መንገድ ላይ ሜሪስ ሮክ የተባለውን ቋጥኝ ሰንጥቆ የሚያልፍ ዋሻ አለ። ቁመቱ 3 ሜትር ከ86 ሳንቲም ነውና ካምፐር የሚነዳ ሰው የቤቱን ከፍታ ሳያውቅ አይገባበትም። አማቻችን ከዋሻው አፍ ሳይደርስ ቆሞ፥ በመሪው አጠገብ የተለጠፈውን የከፍታ ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቦ ገባ። የጣራችንን ልክ ይህን ያህል ያስተዋልን ሰዎች የስንቃችንን ልክ ግን አላስተዋልንም ነበረ።

የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ነው። በሚከተለው ዓመት ሐምሌ 3 ቀን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እኛ ባደርንበት በቢግ ሜዶውስ ተገኝተው ፓርኩን መርቀዋል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨርም ከዚያው አጠገብ በራፒዳን ወንዝ ራስጌ ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ የዕረፍት ሰፈር ነበራቸው፤ ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበርና። በተራራው ላይ ይኖሩ ከነበሩት ባላገሮች አብዛኞቹ መሬታቸው ለፓርኩ ተወስዶ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ሆኗል፤ የቤቶቻቸው የድንጋይ መሠረትና መቃብሮቻቸው እስከ ዛሬ በዛፎቹ መካከል ይታያሉ። እማማ ይህን ሲሰሙ ስለ ፕሬዚዳንቶቹ ምንም ሳይጠይቁ "መቃብሮቹንስ የሚጠብቅ አለ?" አሉ።

ቢግ ሜዶውስ ማለት ትልልቅ መስኮች ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር በላይ 1,070 ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባን እኩሌታ እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም አየሩ ከሸለቆው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ማታ ሲሆን አጋዘኖች ወደ መስኩ እየወጡ ይግጣሉ፤ ድብም ስላለ ምግብ ሁሉ በመኪና ውስጥ እንዲቈለፍ ደንቡ ያዛል። ውሃና መጸዳጃ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ግን በዚህ ፓርክ ሰፈሮች ውስጥ አይገኝም። ጄኔሬተርም የሚፈቀደው በቀን ውስጥ በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ነው። እኅታችን ይህን አስቀድማ ታውቅ ስለ ነበረ ኃይል የምታከማች የሊትየም ሳጥን ገዝታ፥ በሸለቆው ምሰሶ ሞልታ ይዛ ነበረ። ሳጥኒቱ 1,000 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ በአንድ ጊዜም እስከ 1,800 ዋት ትሰጣለች።

ዋትና ዋት ሰዓት ምን እንደሚለያዩ ለማያውቅ አንባቢ በበቅሎ እንንገረው። ዋት ማለት በቅሎዋ በአንድ ሰዓት የምትበላው ገብስ ነው፤ ዋት ሰዓት ማለት በአቁማዳው ውስጥ ያለው ገብስ ነው። በሸለቆው ሳለን ጐተራው ከምሰሶው በስተጀርባ ስለ ነበረ የሚያስጨንቀን የበሩ ጥበት ብቻ ነበረ። በተራራው ላይ ግን በሩ ሰፊ ነው፤ አቁማዳው ትንሽ ነው። እኛም የበሩን ስፋት አይተን ስለ አቁማዳው ዘነጋን።

ያን ማታ ጉም ወርዶ ሰፈሩን ሸፈነው። በሸራው ዳስ ዙሪያ ትንንሽ መብራቶች ሰቀልን፥ ቡና ተቈላ፥ ጀበናውም ተጣደ፥ ልጆቹ ስልካቸውን ሰኩ። የሰፈሩ ጎረቤቶች እንኳ ሽታው ስቧቸው ሰላምታ ሊሰጡን መጡ። እማማ ከሁሉ ይልቅ ደስ ብሏቸው ነበረ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ጭንብላቸውን አድርገው ተኙ፤ መሣሪያዋን ከሳጥኒቱ ሰክተን እኛም ተኛን።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ያነቃን ድምፅ ሳይሆን የድምፅ መጥፋት ነው። የመሣሪያዋ ሹክሹክታ ጸጥ ብሏል፤ እማማም ጭንብሉን በእጃቸው ገፍተው እያቃሰቱ ተነሥተው ተቀምጠዋል። የሳጥኒቱ መስታወት ጨልሟል። እኅታችን ትራሶቹን ሁሉ ሰብስባ ከጀርባቸው ደገፈች፤ እኛ እጃቸውን ያዝን። አማቻችን የካምፐሩን ሞተር አስነሥቶ ኃይል ሊሰጥ ቢነሣ፥ እማማ "ቁጭ ካልኩ ትንፋሼ ደኅና ነው፤ በዚህ ሌሊት የሰው ልጅ አታስነሡብኝ" ብለው ከለከሉት። በእውነትም ቁጭ ሲሉ ቀለላቸው፤ ነገር ግን እስኪነጋ ድረስ ማንም አልተኛም።

በዚያ ጨለማ ስለ አባታቸው አጫወቱን። "አባቴ ረዥም መንገድ ሲነሣ" አሉ፥ "ለመጨረሻው ሌሊት የሚሆነውን ጧፍ ከሁሉ አስቀድሞ ለይቶ በራሱ ኮርቻ ከረጢት ይይዘዋል። ሎሌዎቹ ሌላውን እንደ ወደዱ ቢያነዱት አይቈጣም፤ ያንን ግን የሚነካው የለም።" ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "እናንተ ግን የእኔን ትንፋሽ ከቡናው ጋራ በአንድ አቁማዳ ከተታችሁት" አሉን። በቍጣ አልተናገሩትም። ስለዚህም የበለጠ ከበደን።

ሲነጋ አማቻችን ወረቀት አውጥቶ አሰበው። 1,000 ተብሎ ከተጻፈው ውስጥ ኃይሉ ከባትሪ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ከፊሉ በመንገድ ይጠፋልና በእጅ የሚገባው ወደ 850 ነው። ምድጃዋ ለ20 ደቂቃ ነዳ 330 በላች። ሁለት ሊትር ውሃ በማንቈርቈሪያው ለማፍላት 220 ሄደ። አምስቱ ስልኮች በጠቅላላው 75፥ ከምሽቱ አንስቶ የበሩት መብራቶች ሁሉ ተደምረው 40 ብቻ ወሰዱ። የቀረው 185 ነው። የእማማ መሣሪያ አየሩን የምታረጥብበትን ማሞቂያ ጨምራ በሰዓት 40 ስለምትወስድ፥ ያ ለአራት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲደምሩት በትክክል 9 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ልጆቹን በስልካቸው ስንቈጣ አምሽተን ነበረ፤ ለካስ አቁማዳውን የጨረሰው የእኛው ቡናና ሻይ ነው።

በአጠገባችን የሰፈሩ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሜሪካዊ፥ ከባለቤታቸው ጋራ ብዙ ዘመን በካምፐር የዞሩ ናቸው፤ እኅታችን የሆነውን ብትነግራቸው ጠረጴዛቸውን አሳዩን። ቡናቸው በጋዝ ምድጃ ላይ ይፈላል፤ ኤሌክትሪካቸው ለመብራትና ለሬዲዮ ብቻ ነው። የሚሞቅ ነገር ሁሉ ለጋዝ ወይም ለእንጨት ይተዋል፤ ከኤሌክትሪክ ሙቀት መፈለግ በበቅሎ ገብስ ከብት እንደ ማደለብ ነው፤ ይህ አባባል የእኛ ነው እንጂ የእርሳቸው አይደለም። ትንሽ ጄኔሬተርም አላቸው። እርሷን በተፈቀደው ሰዓት ሲያስነሡ ከማንም መስኮት 6 ሜትር የሚያህል አርቀው፥ የጢሱን አፍ ወደ ጫካው መልሰው ነው። ዝናብ ሲመጣ ወደ ሸራው ዳስ ሥር አስገብተዋት የሚተኙ ሰዎች ሳይነቁ እንደሚቀሩ አስጠነቀቁን፤ በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውምና። ይህን ለእኛ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። በአገራችን በክረምት ከሰል አያይዘው ደጃቸውን ዘግተው ተኝተው ስላልተነሡ ሰዎች ያልሰማ ማን አለ? በጉሙ ማታ የልጅ ልጃቸው ከሰሉን ወደ ካምፐሩ እናስገባው ብትል እማማ ራሳቸው ነበሩ እጇን የያዟት።

ያን ቀን ሥራችን ስንቅ መሰብሰብ ሆነ። ሳጥኒቱን በአማቻችን አውቶሞቢል በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ሰክተን ስካይላይንን ሦስት ሰዓት ስንዞር 300 ያህል ገባላት። ከሳጥኒቱ ጋራ የመጣ 100 ዋት የሚባል ተጣጣፊ የፀሐይ ሰሌዳም ነበረን። ስሙ 100 ይሁን እንጂ በዛፍ ጥላ ሥር ስናነጥፈው ምንም አልሰጠንም፤ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ጥላውን ቢጥልበት ይደክማል። ከቀትር በኋላ ልጆቹ ፀሐይዋን እየተከተሉ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ዋሉና እስኪመሽ ሌላ 300 ገደማ አገኘን። መስታወቱ ከመቶ 60 አለ። እኅታችንም ከሽማግሌው የጋዝ ምድጃ ተውሳ ቡናውን ከሸራው ውጭ በጠረጴዛ ላይ ቈላችው። ቡናው እንዲያውም የተሻለ ወጣ፤ እማማ ግን ይህን አላመኑም።

ሐኪማቸው በጉዞ ጊዜ እርጥበት ማሞቂያውን መዝጋት እንደሚቻል አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ እኛ ረስተነው ነበረ። ያን ዘጋነው፤ ፍጆታዋ ከእኩሌታ በታች ወረደ። ደግሞም መሣሪያዋን ኃይሉን ከሚለውጠው ሶኬት ነቅለን ለእርሷ በተሠራው ገመድ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ቀዳዳ ሰካናት፤ በመንገድ ይጠፋ የነበረውም ቀረ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ከእርሷ በቀር በሳጥኒቱ ላይ የተሰካ ነገር እንዳይኖር እኅታችን በእጇ ዳስሳ አረጋገጠች። የውጩን መብራቶች አጥፍተን በጉሙ ውስጥ ጥቂት ተቀመጥን፤ ከሩቅ የአጋዘን እግር ሣሩን ሲረግጥ ይሰማ ነበረ።

ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነሥተን መስታወቱን አየን። ሹክሹክታው አላቋረጠም። ፀሐይ ስትወጣ እማማ ጭንብላቸውን አውልቀው መጀመሪያ የጠየቁት ስንት እንደቀረ ነው።

"ከመቶ 41" አልናቸው።

"እንግዲያውስ" አሉ ነጠላቸውን እየደረቡ፥ "የልጆቹን ስልክ ስጧቸው።"